የፊርዶስ አራት ደቂቃ

ኑ፣ ጠጋ ጠጋ በሉ። የውኃ ተራችን ገና ነው፤ ተናጋሪው ግድግዳችን ዛሬ ጠዋት «ወይራ አፋፍ፣ ታችኛው ሰፈር፣ አራት ሰዓት ተኩል» ብሏል፣ እሱ ካለ አለ ነው። ጀሪካኖቹን እዚያው ተዉአቸው፣ የሚነካቸው የለም። እዚህ የፀሐይ ሰሌዳው ጥላ ሥር አረፍ በሉና ስሙኝ። አንቺ፣ ልጅሽን ወደ ጥላው ሳቢያት እንጂ፣ አናቷ ጋለ። እንዲህ ነው።

እኔ ዘይነት ዘጠና አንድ ዓመቴ ነው። ትምህርቴ አራተኛ ክፍል ላይ ቆሟል፤ ቃሌ ቢደነቃቀፍ አትፍረዱብኝ። የማወራችሁ ስለ ትምህርት ቤቱ በር ነው። በሩን ታውቁታላችሁ፣ ልጆቻችሁ በየጠዋቱ ይገቡበታል። አንድ ዓርብ ቀን መጠበቅን እንዴት እንደተማረ ግን አታውቁም።

ከይማም ልጀምር። ካለ ይማም ይህ ወሬ ወገብ የለውም።

ይማም መንታ ወንድሜ ነው። በሁለት ሺህ አሥር ዓመተ ምሕረት፣ በአንድ ቀን፣ በአንድ ምጥ ተወለድን። እኔ ቀደምሁ፣ እሱ ተከተለ። ክንዶቹ ከደረቱ በላይ አይነሡም ነበር። እርሳስ ይይዛል፣ ማንኪያ ይይዛል፣ ዶሮ ያባርራል፤ ትከሻው ግን ቁልፉ እንደጠፋ ሳጥን ነው።

ያኔ በእኛ ሰፈር የልደት ወረቀት ያለው ልጅ ጥቂት ነበር። ልጅ ሰባት ዓመት መሙላቱ የሚታወቀው በጆሮው ነው። አትሳቁ! መምህሩ በሩ ላይ ይቆምና «ቀኝ እጅህን በአናትህ ላይ አሳልፈህ ግራ ጆሮህን ንካ» ይላል። ጣትህ ጆሮህን ከነካ ደርሰሃል፣ ስምህ ይጻፋል። ካልነካ «ለከርሞ» ነው መልሱ። እስቲ እናንተም ሞክሩት። አያችኋት ይቺን ትንሿን? አልደረሰችም። ለከርሞ!

እኔ ነካሁ። የይማም እጅ ደረቱ ላይ ቀረ።

«ለከርሞ» አለ መምህሩ።

«ኧረ መምህር፣ መንቶች እኮ ናቸው!» አለች እናቴ። «በአንድ ቀን የወጡ ናቸው፤ እሷ ሰባት ከሞላት እሱ ስንት ሊሆነው ነው?»

ሰውየው ክፉ አልነበረም። መዝገቡን አየ፣ ይማምን አየ። «እኔ ምን ላድርግ እናቴ፣ እጁ አልደረሰም» አላት።

በዓመቱ እንደገና ሄድን። እኔ ብልጥ የሆንሁ መስሎኝ ከይማም ኋላ ተለጠፍሁና እጄን በአናቱ ላይ አሳልፌ ጆሮውን ነካሁለት። መምህሩ ጎንበስ ብሎ አየና፣ «ይሄ ልጅ እጁ ሦስት ነው እንዴ?» አለ። የተሰለፈው ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ይማም ብቻ አልሳቀም። ከዚያ ወዲህ ብዙ ነገር ረስቻለሁ፤ ያንን ሳቄን ግን አልረሳሁትም።

አምስት ዓመት ሄደ፣ አምስት ጊዜ «ለከርሞ» ተባለ። መዝገቡን ካመናችሁ ወንድሜ ሰባት ዓመት ሳይሞላው ጢም አወጣ።

እኔ አራተኛ ክፍል ደርሼ ተውሁት። ደብተሬን እቤት ስከፍት ዓይኑ ፊደሎቹ ላይ ሲንከራተት ማየት አልቻልሁም። ያለችኝን ግን አስተማርሁት፤ እያንዳንዷን።

ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ሲሆነው፣ አካል ጉዳት ያለበት ልጅ ከትምህርት ቤት አይመለስ የሚል ሕግ ወጣ። አዲስ የመጣች ርእሰ መምህርት ነበረች፣ በእግሯ ቤታችን ድረስ መጣች። «ይማም የሚባለው ማን ነው?» አለች። «እኔ ነኝ፤ ግን ሰባት አልሞላኝም» አላት። እሷም ሳትስቅ፣ «ከእንግዲህ ጆሮህን አልጠይቅህም፤ ሕጉ አንተን መመለስ አልችልም ይለኛል» አለችው። በማግሥቱ ጢሙን ተላጭቶ ከሰባት ዓመት ልጆች ጋር አንደኛ ክፍል ገባ። መጀመሪያ ቀን ልጆቹ መምህር መስሏቸው ብድግ አሉለት።

ተማረ። ኋላም በወረዳው ፍርድ ቤት አጥር ሥር ጃንጥላ ዘርግቶ ማመልከቻ ጸሐፊ ሆነ። ወረቀቱን ደረቱ ልክ በተሠራች ጣውላ ላይ አስቀምጦ ይጽፋል፤ የሱ ጽሕፈት ሲታይ ዳኛው ቀና ይል ነበር ይባላል። የራሱ አናት ግን አይደርሰውም። ስለዚህ ዓርብ ዓርብ ከጁምዓ በፊት ራሱን የማጥበው እኔ ነበርሁ። እኔ አረፋውን ሳሽ እሱ ሕጉን ያስጠናኛል።

«ንዑስ ሦስት በይ፣ ዘይኑ።»

«አረፋው ዓይንህ ገባ እኮ፣ ይማሜ!»

«ይግባ። ንዑስ ሦስት በይ።»

እኔ እላለሁ፣ እሱ ያርመኛል። አርባ ዓመት ሙሉ። ሌላ ሕግ አንድም አላውቅም፤ እሱን ትምህርት ቤት ያስገባውን አንቀጽ ዐሥራ አንድን ግን እንደ ስሜ አውቀዋለሁ። «ሕግ እንደ ጓሮ በር ነው፤ ካልከፈቱትና ካልዘጉት ማጠፊያው ይዝጋል» ይለኝ ነበር። በሁለት ሺህ ሰባ ዘጠኝ ዓመተ ምሕረት ሞተ። አላህ ይዘንለት።

ያኔ ዘመኑ ዞሮ ነበር። እናንተ የተወለዳችሁበት ነውና አይደንቃችሁም፤ እኔን ግን ያስደንቀኝ ነበር። ሕጉ በዝቶ ዳኛውም ጠበቃውም ስለሰመጠበት፣ ዐሥራ አምስት ዓመት ሙሉ ማንም ያልጠራው አንቀጽ በራሱ እንዲረግፍ ተደረገ። ሰው ደስ አለው፣ እኔም ደስ ብሎኝ ነበር። ግድግዳው ጠዋት ጠዋት የውኃ ተራ ይነግረናል፣ ከጉም ውኃ በሚያጠምደው መረብ ላይ ሌሊት ስንት ሊትር እንደተያዘ ይነግረናል፣ ከዚያ በዚያው ድምፅ የሳምንቱን ረጋፊዎች ያነባል። የበቅሎ ጭነት ክብደትን የሚመለከት አንቀጽ ረገፈ። የፖስታ ሣጥን ኪራይን የሚመለከት አንቀጽ ረገፈ። እኛ ሲኒ እያጠብን እንሰማለን። ወይም አንሰማም።

ልጆችም አምስት ዓመት ሲሞላቸው ጆሮ ጓደኛ የሚባል፣ ስለነሱ የሚናገር መሣሪያ ጆሯቸው ላይ ይገጠምላቸው ጀመር። ማዛመጃው፣ ልጅን ከወንበር የሚያገናኘው ማሽን፣ አንዱን «የጋራ ወንበር» ይለዋል፣ ትምህርት ቤት ይሄዳል። ሌላውን «የቤት ወንበር» ይለዋል፣ ቤቱ ይማራል። ማንም አካል ጉዳተኛ አይባልም፤ «ሁሉም ልጅ ልዩ ነው» ተብሎ ቃሉ ከየመዝገቡ ተፋቀ። መልካም አሳብ ነው፣ አይደል? ማንም አልተከፋም። የቤት ወንበር ትራስ ሁሉ አለው። ነገር ግን በየጠዋቱ በራችን ላይ ቆሜ የሚያልፉትን ልጆች ሳይ፣ የሚያነክስ አላይም፣ የሚንተባተብ አልሰማም። መጀመሪያ የሐኪሞቹ ጥበብ መስሎኝ ነበር።

ከኔ ቤት አጠገብ ራሕመት ትኖር ነበር፤ የጉም መረብ የምትጠግን፣ ጣቷ የማያርፍ ሴት። ፊርዶስ ልጇ ናት። ሰባት ዓመቷ ነበር። ሰውነቷ ይገታተራል፣ በክራንች ቀስ ብላ ትሄዳለች፣ ቃሏ ደግሞ ብርድ እንደመታው ማር ነው። ይወርዳል፤ ግን ጊዜ ይፈልጋል። ጆሮ ጓደኛዋ ጊዜ አይፈልግም። እሷ አንድ ድምፅ ካወጣች እሱ በጣፋጭ ልጅ ድምፅ ይጨርስላታል። አንድ ቀን እኔ ባለሁበት «እር...» አለች። «እርቦኛል እማዬ» አለ እሱ። ራሕመት ተነሥታ ሳህን አመጣች፣ ልጅቷም በላች።

በኋላ እናቷ ስትወጣ መሣሪያውን ከጆሮዋ አወለቅሁና፣ «የኔ እናት፣ እውነት እርቦሽ ነበር?» አልኋት። ቆየች፣ ቆየች።

«እ... ርግብ» አለች። «እርግብ... አየሁ... ልል... ነበር።»

የዛሬ ዐሥራ አራት ዓመት፣ በሰማንያ ሰባት ዓመተ ምሕረት ነሐሴ ላይ፣ ሰኞ ጠዋት ብርጭቆ እያጠብሁ ግድግዳው እንዲህ አለ፦ «የሳምንቱ ረጋፊዎች። አንቀጽ ዐሥራ አንድ፣ አካል ጉዳት ያለባቸው ሕፃናትን ትምህርት የሚመለከት። ዓርብ ስድስት ሰዓት ይረግፋል።» ከዚያ ወደ አየር ጠባዩ አለፈ። ከፊል ደመና፣ ቀላል ነፋስ።

እጄ ላይ ያለው ብርጭቆ አልተሰበረም። ቁጭ አድርጌው ራሕመት ዘንድ ሄድሁ።

«ራሕመት፣ የዛሬን ረጋፊዎች ሰምተሻል?»

«ማን ይሰማቸዋል እትዬ? እኔ የጉሙን ልክ ከሰማሁ አጠፋዋለሁ።»

ነገርኋት። አንቀጹን ከጠራችው ፊርዶስ በሩን አልፋ ከልጆቹ ጋር እንደምትቀመጥ፣ ዓርብ ካለፈ ግን በሩን የምንለው ምንም ቃል እንደማይኖር ነገርኋት። የመረብ መርፌዋን አስቀመጠች።

«አካል ጉዳት? ያንን ቃል እኮ አያቴ ስትናገረው ነው መጨረሻ የሰማሁት። ዛሬ በማንም ልጅ ላይ የለም። እኔ እናቷ ልሂድና ግንባሯ ላይ ልለጥፍባት?»

«ቃሉ ጠፋ እንጂ ነገሩ ጠፋ? ልጅሽ የት ናት?»

«ቤት።»

«የሰፈሩስ ልጅ?»

መርፌዋን መልሳ አነሣች። ከዚያ፣ «የቤት ወንበር እኮ ክፉ አይደለም፣ እትዬ» አለች። «አስተማሪዋ አይቆጣ፣ አይደክመው። ሒሳብ ላይ ትምህርት ቤት ከሚሄዱት ከነአሚር ትበልጣለች ይለኛል።»

«ይማምንስ ማን ተቆጣው? እናቴ ማር ነበር የምታልሰው። ቤት ውስጥ ማር እየላሰ ሰባት ዓመት ሳይሞላው አረጀ እንጂ።»

የጆሮውን ነገር አወራኋት። መጀመሪያ እስክትንፈቀፈቅ ሳቀች። ሦስተኛዋ እጅ ላይ ስደርስ ሻሿን አፏ ላይ አደረገች። በዚያ ቀን ግን እሺ አላለችም። ማክሰኞም፣ ረቡዕም። ሐሙስ ከቀትር በኋላ ራሷ መጣች።

«ልጠይቃት» አለችኝ።

«ማንን?»

«ፊርዶስን። ምን እንደምትፈልግ ጠይቄያት አላውቅም፣ እትዬ። ሁልጊዜ ጆሮ ጓደኛዋ ነው የሚነግረኝ።»

አብረን ገባን። መሣሪያውን አውልቃ ሲኒ ውስጥ ከተተችውና፣ «ፊርዶሴ፣ ትምህርት ቤት መሄድ ትፈልጊያለሽ ወይስ እቤት ይሻልሻል?» አለቻት። እኔ ሙስበሐዬን አውጥቼ መቁጠር ጀመርሁ። ሠላሳ ሦስቱን ጨርሼ እንደገና ጀመርሁ።

«መሮጥ... አልችልም» አለች ፊርዶስ። «ግን... ሲስቁ... በምን... እንደሚስቁ... ማወቅ... እፈልጋለሁ።»

ራሕመት ልጇን ይዛ ቀረች፤ እኔ ወጥቼ ግድግዳዬን አሠራሩን ጠየቅሁት። እንዲህ አለኝ፦ «ባለጉዳዩ በትምህርት ቤቱ በር ፊት፣ በራሱ ድምፅ፣ ያለ ጆሮ ጓደኛ፣ ማንነቱንና ጥያቄውን ይናገራል። ሦስት ሙከራ ይፈቀዳል። ለአንድ ሙከራ ዐሥር ሰከንድ።»

ዐሥር ሰከንድ! ፊርዶስ በዐሥር ሰከንድ ስሟንም አትጨርስም። ለራሕመት ግን አልነገርኋትም። ለምን? እንጃ። በሩን የሠሩት ሰዎች ናቸው፣ ልጅቷን ሲያይ ይራራል ብዬ ይሆናል።

ዓርብ በእግር ሄድን። ባጃጆቹ ሾፌር የላቸውም፤ ፊርዶስን ከጫኑ የሚያውቁት መንገድ የቤቷን ነው። ልጅቷ በክራንቿ፣ እኔ በምርኩዜ፤ ቁልቁለቱ ጊዜያችንን በላው። በሩ ላይ ስንደርስ ለስድስት ዘጠኝ ደቂቃ ጉዳይ ነበር። ለጁምዓ የሚወርዱት የመረብ ሠራተኞች የሆነ ነገር እንዳለ ገብቷቸው ቆሙ። ልጅ ያዘሉ ሴቶችም ቆሙ። የግቢውን ዛፎች የሚያጠጣው ገዛኸኝ ከአጥሩ ውስጥ ብቅ አለ። እሱ ያኔ ሰባ የተጠጋ ነው፣ የድሮውን ሁሉ ያውቃል።

«ዘይነት! ልትመዘገቢ ነው? በይ ጆሮሽን ንኪያ!»

«አንተ የቀሩህን ሁለት ጥርሶች ጠብቅ» አልሁት። «ዛሬ ጆሮ የሚጠየቀው በሩ ነው።»

በሩ በለስላሳ ድምፅ ተናገረ። «እንኳን ደህና መጣችሁ። ፊርዶስ ጀማል፣ የቤት ወንበር። ወደ ቤት የሚመልሳችሁ ባጃጅ ተጠርቷል።»

«ባጃጅ አልጠራንም። አንቀጽ ዐሥራ አንድን እንጠራለን» አልሁ።

በሩም መለሰ። «አንቀጹ ለስምንት ደቂቃ ይጸናል። በአንቀጹ ሥር የተመዘገበ ሕፃን የለም። ባለጉዳዩ ራሱን ያስታውቅ። ዐሥር ሰከንድ።»

ፊርዶስ ክራንቿን አደላደለች፣ አፏን ከፈተች፣ አንገቷ ተገተረ። «እ...ኔ...»

«አልተሰማም። ሁለት ሙከራ ቀርቷል።»

ሕዝቡ «ውይ!» አለ። ራሕመት ጉልበቷን መሬት አስነክታ «አይዞሽ ፊርዶሴ፣ አይዞሽ» አለቻት። ልጅቷ እንደገና ጀመረች። ፊቷ ቀላ፣ ላቧ በግንባሯ ወረደ።

«እኔ... ፊ... ፊር...»

«ፊርዶስ!» አለ ሰው ሁሉ።

ሁሉም፤ እናቷም፣ የመረብ ሠራተኞቹም፣ ገዛኸኝም ከአጥሩ ውስጥ። ለሚንተባተብ ሰው ቃሉን መጨረስ እኛ ዘንድ ደግነት ነው፤ እንደሸክም መቀበል። የኔም ድምፅ እዚያ ውስጥ ነበረበት። ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው የሰማሁት።

«የሌላ ሰው ድምፅ» አለ በሩ። «አንድ ሙከራ ቀርቷል።»

ያኔ ቀኝ እጄን አየሁት። ሳላውቅ አንሥቼዋለሁ፤ ከፊርዶስ አናት በላይ ቆሟል። ከሰባ ዓመት በኋላም ሦስተኛዋ እጅ እኔው ነኝ። የልጅቷ ዓይን ላይ ደግሞ የይማምን ዓይን አየሁት፤ ሰው ሁሉ ሲስቅ ሳይስቅ የቀረውን።

እጄን አወረድሁ። አረፋው ሸተተኝ፣ ወላሂ። «ንዑስ ሦስት በይ፣ ዘይኑ።»

«አንተ በር፣ ስማኝ» አልሁት። «አንቀጽ ዐሥራ አንድ። ንዑስ አንድ፣ አካል ጉዳት ያለበት ማንኛውም ሕፃን በአቅራቢያው ባለው ትምህርት ቤት ከእኩዮቹ ጋር የመማር መብት አለው። ንዑስ ሁለት፣ ትምህርት ቤቱ ሕፃኑን በጉዳቱ ምክንያት መመለስ አይችልም። ንዑስ ሦስት፣ ለሕፃኑ የሚያስፈልገው መሣሪያ፣ ረዳትና ተጨማሪ ጊዜ ይሰጠዋል። ንዑስ አራት፣ ስለ ሕፃኑ በሚወሰነው ሁሉ የወላጁና የራሱ የሕፃኑ ቃል ይሰማል። በንዑስ ሦስት መሠረት ተጨማሪ ጊዜ እጠይቃለሁ።»

የተጠራው ባጃጅ ደርሶ መብራቱን እያርገበገበ ቆመ።

«ጥያቄው ተገኝቷል» አለ በሩ። «የሚጨመረው ጊዜ ስንት ነው?»

«እስክትጨርስ።»

«እስክትጨርስ የሚባል ቁጥር የለም።»

«አንቀጹ ቁጥር አለው ወይ? አንተው አንብበው።»

አነበበ መሰለኝ። «አንቀጹ ቁጥር የለውም።»

«እንግዲያማ ቆመህ ስማ» አልሁት። ወደ ሕዝቡም ዞሬ፣ «እናንተም አንድ ፊደል የምታግዙ ሰዎች፣ እረግማችኋለሁ!» አልሁ። ገዛኸኝ ባርኔጣውን አውልቆ አፉ ላይ ከደነው። ራሕመት የሻሿን ጫፍ ነከሰች።

«የመጨረሻ ሙከራ» አለ በሩ። «ያለ ገደብ።»

ፊርዶስ አልቸኮለችም። መጀመሪያ ምራቋን ዋጠች። ከዚያ ጀመረች።

አራት ደቂቃ ምን ያህል እንደሆነ ታውቃላችሁ? እናንተ አታውቁም፤ በናንተ ዘመን ማንም ማንንም አራት ደቂቃ አይጠብቅም። ሕፃን አለቀሰ፣ እናቱ ጡቷን አጎረሰችው። ከመረብ ሠራተኞቹ አንዱ፣ ወፍራም ሰውዬ፣ በየቃሉ መካከል አብሯት ትንፋሹን እየያዘ ከንፈሩ ሰማያዊ መሰለ። የሷ ቃል ሲወጣ እሱም ይተነፍሳል። የመስጊዱ ድምፅ ማጉያ እህ ብሎ ጉሮሮውን ሲጠርግ ተሰማ፤ ስድስት ሰዓት እየመጣ ነው። አንድም ሰው አፉን አልከፈተም።

«እኔ... ፊርዶስ... ጀማል... ነኝ» አለች። «አካል... ጉዳት... አለብኝ። እዚህ... ከነአሚር... ጋር... መማር... እፈልጋለሁ።»

አለቀ ብለን ትንፋሻችንን ልንለቅ ስንል እጇን አነሣች። አልጨረሰችም።

«በሩ...» አለች። «በሩ... ችኩል... ነው።»

ገዛኸኝ ባርኔጣው ውስጥ ፈነዳ። ሕዝቡም ሳቀ፣ እኔም ሳቅሁ። በዚያ ሳቅ መሐል ግን ከሁሉ ቀድማ የሳቀችው ፊርዶስ ነበረች፤ በምን እንደተሳቀ ታውቃለችና።

«ተሰምቷል» አለ በሩ። «አንቀጽ ዐሥራ አንድ ተጠርቷል። ፊርዶስ ጀማል፣ የጋራ ወንበር፣ ከረዳትና ከተጨማሪ ጊዜ ጋር። የአንቀጹ ቀጣይ መርገፊያ፣ ነሐሴ ሁለት ሺህ አንድ መቶ ሁለት።» ከዚያ ተከፈተ። አዛኑም ያኔ ተጀመረ።

መስከረም ላይ ገባች። የመጀመሪያው ዕለት፣ በእረፍት ሰዓት፣ አሚር «ለምንድን ነው ቀስ ብለሽ የምታወሪው?» ብሎ ጠየቃት። ልትመልስለት ጀመረች፣ እረፍቱ አለቀ፣ እሷ ግን አልጨረሰችም። ልጆቹ ከበዋት ቆሙ። ዐሥራ ዘጠኝ ልጆች ክፍል አርፍደው ገቡ፤ በዚያ ግቢ ከስንት ዘመን ወዲህ የተመዘገበ የመጀመሪያው ማርፈድ ነው ብሎኛል ገዛኸኝ። ምን ብላ እንደመለሰች ብጠይቃቸው አንዳቸውም አልነገሩኝም። የነሱ ነው።

አሁን ፊርዶስ ሃያ አንድ ዓመቷ ነው። ዳኛ ሆነች፣ ሹም ሆነች ብላችሁ አትጠብቁ። ገደሉ ጫፍ ላይ የጉም መረብ ትቆጣጠራለች፤ ይህ የምንጠብቀው ውኃ ከሷ እጅ ነው የሚመጣው። ሰው ትልቅ ሰው እንዲሆን ብቻ አይደለም በሩ የሚከፈትለት።

ከሷ በኋላ ዐሥራ ሦስት ልጆች ገብተዋል። አንዷ ዓይነ ስውር ናት፣ ሁለቱ አይሰሙም፣ አንዱ እንደ ንብ ሲዞር የሚውል ነው። ለአንዳቸውም አንቀጹን የጠራ የለም። በሩ ለምዷል፤ እያየ በራሱ ይከፍትላቸዋል። ገዛኸኝ ከመሞቱ በፊት፣ «ዘይነት፣ በርሽ ደግ ሆነ» ብሎኝ ነበር።

ይህ ነው እንቅልፍ የሚነሣኝ። ደግነት ጥሩ ነው፣ አላህ ያብዛው። ግን መምህሩም ደግ ነበር፤ ወንድሜን አምስት ጊዜ ሲመልሰው አንድ ቀን አልተቆጣውም። ደግ በር የተለወጠ ዕለት፣ ወይም የለወጡት ዕለት፣ ልጅን ይዞ ፊቱ ሲቆም የሚባል ቃል ያስፈልጋል። በሩ ስለተከፈተልን ማንም አይጠራውም፤ ካልተጠራ ይረግፋል፤ ግድግዳው በሲኒ እጥበት መሐል ያነበዋል፣ ከዚያ ወደ ከፊል ደመናው ያልፋል።

ውኃው መጣ መሰለኝ፣ ቧንቧው ይንኳኳል። ተነሡ፣ ጀሪካናችሁን ያዙ። አንቺ ግን ቆይ፤ ያቺ ልጅሽ ቅድም ወደ ጥላው ስትገባ ግራ እግሯን እንደምትጎትት አይቻለሁ። አይዞሽ፣ ለነቀፋ አይደለም።

የመርገፊያው ቀን ለከርሞ ነሐሴ ነው። እኔ እኖር ይሆናል፣ ላልኖርም እችላለሁ። ወንድሜ ልጅነቱን ሁሉ ለከርሞ እየተባለ ኖሯል፤ እናንተ ያንን አንድ ከርሞ ብቻ አስቡልኝ። በሩ ክፍት ቢሆንም ፊቱ ቁሙና አንቀጽ ዐሥራ አንድ በሉት። ሌላው ቢጠፋችሁ ንዑስ ሦስትን ያዙ። ልጅቷም ቃሏን ስትጀምር፣ የኔ እናቶች፣ አትጨርሱላት። ይህችን አስታውሱልኝ።